ስለ ልብ ማድረግ፥ ስለ ማስታወስና ስለ አእምሮ፤ የአስቴር ጋኖ ታሪክ

ሰው የሰማውን ነገር የራሱ የሚያደርገው በሦስት ሥራ ነው፤ ይኸውም መጀመሪያ ልብ ያደርጋል፥ ሁለተኛ በልቡ ያኖራል፥ ሦስተኛም ያኖረውን አውጥቶ ለአዲስ ጉዳይ ይሠራበታል። የነፍስን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት የመጀመሪያውን ትኩረት፥ ሁለተኛውን ትውስታ፥ ሦስተኛውን የአእምሮ ችሎታ ይሉታል። ሦስቱም ያለ ፊደል ሊሠሩ እንደሚችሉ የወለጋ ታሪክ ይመሰክራል።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ባኮን ካለፈ በኋላ ሲሬን ያገኛል። በሲሬም እንደ ሌላው የወለጋ አገር ሁሉ ልጅ በምሽት ከእሳት ዳር ተቀምጦ ተረቱንና ምሳሌውን፥ «ሂቦ» የሚባለውን እንቆቅልሽ፥ የአባቶቹንም ስም በተራ እየሰማ በቃሉ ይይዝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ተማሪም መጽሐፍ በማይታይበት ሌሊት ውዳሴ ማርያምን ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ ያጠናልና ነገሩ ለካህናት እንግዳ አይደለም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ሔርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ የጀርመን ሊቅ የትውስታን ኃይል በራሱ ላይ ፈትኖ መጽሐፍ አወጣ። ትርጉም የሌላቸውን የቃል ቁራጮች እየደጋገመ አጥንቶ ከጊዜ በኋላ ምን ያህል እንደ ቀረለት መዘነ። መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ፈጣን፥ ኋላ ግን እየዘገየ የሚሄድ መሆኑን አገኘ። የባይሮንን ግጥም ባጠና ጊዜ ግን ትርጉም የሌለው ነገር ከሚጠይቀው ድካም አንድ ዐሥረኛው ያህል በቃው።

በማግሥቱ ዓመት በ1886 በባርነት ወደ ባሕር ማዶ ትወሰድ የነበረችው ልጅ አስቴር ጋኖ በኢጣልያ መርከብ ነጻ ወጣች፤ በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባች። በዚያ ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም ይደክም ነበር። እርሱም በልጅነቱ ተሰርቆ ተሽጦ በ1870 ነጻ የወጣ ነው፤ ከአገሩ በሕፃንነቱ ስለ ተለየ የቋንቋው ቃል አነሰው። አስቴር ግን የሰማችውን በልቧ ይዛ ኖራ ነበርና መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ አምስት መቶ ያህል ተረትና ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈንም ጻፈች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የንባብ መጽሐፍ ገቡ። አዲስ ኪዳን በ1893፥ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ፤ ስሙ የወጣው ግን የኦነሲሞስ ብቻ ነበር።

ባርነት ቤቷንና ወገኖቿን ነጠቃት፤ ትርጉምና ዜማ ያያዘውን ቃል ግን ሊነጥቃት አልቻለም። ኤቢንግሃውስ በግጥሙ ያገኘውን እርስዋ በሕይወቷ አሳየችው።

በ1904 ሁለቱ ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ አስቴርም በነቀምት አስተማሪ ሆነች። በ1905 አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በፓሪስ የአእምሮን መለኪያ አዘጋጀ፤ አሳቡም በትምህርት የደከሙትን ልጆች ለይቶ ለመርዳት ነበር። እርሱ ራሱ አእምሮ በትምህርት እንደሚያድግ ጽፎ ሳለ፥ ከእርሱ በኋላ የተነሡ ሌሎች መለኪያውን በሕዝብ ላይ መፍረጃ አደረጉት።

ለእነዚህ መልሱ በምኩሉ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር፤ የመጽሐፉ ቃል ከመታተሙ በፊት በአንዲት ባሪያ በተባለች ልጅ ልብ ተጽፎ ተገኝቷልና። ስለዚህ መምህር ሆይ፥ ፊደል ያልቈጠረ ልጅ በፊትህ ሲቀመጥ ባዶ ዕቃ አድርገህ አትየው፤ አስቀድመህ ከቤቱ ምን ይዞ እንደ መጣ ጠይቀው።