ደወሉን ማን ይደውል?

የትምህርት ቤት አስተዳዳሪ ስለ ተማሪዎች ደኅንነት ምን ሊማር ይገባዋል? ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ፣ በቺካጎ ከተማ፣ «የመላእክት እመቤት» በተባለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት የደረሰውን እንመልከት።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1958 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር እሳት ተነሣ። በላይኛው ፎቅ ደረጃው መዝጊያ ስላልነበረው ጢሱ በቀጥታ ወደ ክፍሎቹ መተላለፊያ ወጣ። በትምህርት ቤቱ ደንብ ግን ያለ ዲሬክተሯ እመምኔት ፈቃድ የአደጋውን ደወል መደወል አይቻልም ነበር። ጢስ የሸተታት አንዲት መምህርት ወደ ቢሯቸው ብትሄድ አላገኘቻቸውም፤ የታመመች መምህርት ተክተው ያስተምሩ ነበርና። እርስዋና የጎረቤት ክፍል መምህርት ትእዛዝ ሳይጠብቁ ተማሪዎቻቸውን አውጥተው አዳኑ። ደወሉ የተሰማው ከዚህ በኋላ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ጋር የተያያዘ አልነበረም። 92 ተማሪዎችና 3 ደናግል መምህራን ሞቱ።

ሕንፃው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ተመርምሮ አልፎ ነበር። ከአደጋው በኋላ ስለ ደወልና ስለ ውኃ መርጫ መሣሪያ የወጡት ሕጎች ጠበቁ። እኛ ግን ከደንቡ የምንማረው ይበልጣል እንላለን። ደወሉን የመደወል ሥልጣን ጢሱን አስቀድሞ ላየ ሰው ሊሰጥ ይገባል፤ አስተዳዳሪም ሲሠለጥን ከሁሉ በፊት ሊማር የሚገባው፣ እርሱ በሌለበት ሰዓት ማን ምን እንደሚሠራ መወሰንና ማለማመድ ነው።