መንገድ ላይ ቆሞ ያየው ሐኪም

እ.ኤ.አ. በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ስለ አንድ የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ የተመሠረተው በስድስት ሰዎች ታሪክ ላይ ብቻ ነው። ከስድስቱ ሁለቱን ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው፤ አንዱን ደግሞ ከሩቅ ብቻ ነው ያየው። ዛሬ በሽታውን የምንጠራው በእሱ ስም ነው።

ስለ ፓርኪንሰን በሽታ ሲነሣ ብዙዎቻችን የሚታወሰን የእጅ መንቀጥቀጥ ነው። ሰውዬው ግን ከእጅ አልፎ አይቷል። በሽታው ሲጠና ሕመምተኛው እንደሚጎብጥ፣ ሳይፈልግ እየተንደረደረ እንደሚራመድ፣ ለመዋጥ እንደሚቸገር፣ ምራቁ እንደሚፈስ፣ ሆዱ እንደሚደርቅ፣ እንቅልፉ እንደሚታወክ ጽፏል።

አንድ ነገር ግን ስቷል። በሽታው አእምሮን አይነካም ብሎ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ፓሪስ ውስጥ ዣን ማርታን ሻርኮ አንዳንዱን ስሕተት አረመ፤ ሰው ሳይንቀጠቀጥም በዚህ በሽታ ሊያዝ እንደሚችል አስተማረ። በ1967 ማርጋሬት ሆን እና ሜልቪን ያር በሽታውን በአምስት ደረጃ ከፈሉት። ሦስተኛው ሚዛን መጠበቅ የሚያቅትበት ነው። አራተኛው ላይ ሰው ብቻውን መቆም ቢችልም ለዕለት ኑሮው እርዳታ ይፈልጋል። አምስተኛው ያለ ደጋፊ ከአልጋ ወይም ከተሽከርካሪ ወንበር የማይነሡበት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። አባታችን በር ላይ ሲደርስ እግሩ ከመሬት እንደተጣበቀ ቀጥ ሲል «አርጅቷል» እንላለን። ድምፁ ሲሰልል «ደክሞት ነው»። የሌሉ ልጆች ሳሎን ውስጥ አየሁ ሲል «ጃጅቷል»፣ አንዳንዴም የመንፈስ ነገር እናደርገዋለን። በሽታው የታወቀለት ሰው እንኳ እነዚህ ምልክቶች ሲመጡበት ከበሽታው ጋር የሚያያይዝለት የለም።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። ሲበላ የሚያስለው ሰው ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ የሚመጣው የሳንባ ምች ብዙ ሕመምተኞችን ይገድላል። ደጋግሞ መውደቅ፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ራስን ማዞር፣ የመድኃኒቱ ኃይል ቀጣዩ ሰዓት ሳይደርስ ማለቅ፣ የመርሳት መባባስ፣ ሁሉም ለሐኪም የሚነገሩ ናቸው። የሌለ ነገር ማየት ከበሽታውም ከመድኃኒቱም ሊመጣ ይችላል። በድንገት ከጀመረ ደግሞ ሌላ ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በአንዴ ማቆም አደገኛ ነው።

ፓርኪንሰን የዛሬው መድኃኒት አልነበረውም፤ ያየውን ግን ይጽፍ ነበር። እናንተም ደብተር ያዙ። መቼ ወደቀ? ሲበላ መቼ አሳለው? መድኃኒቱን ስንት ሰዓት ወሰደ፣ ስንት ሰዓትስ ደረቀ? ሐኪሙ የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቀንና ሌሊት አብራችሁት ያላችሁት እናንተ ናችሁ።