ወፍራም ፊደልና የአደባባይ ቃል

ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው ከነዋሪው አስቀድሞ የሚያነጋግረው የታፔላ ፊደል ነው። ሆቴሉ፣ መድኃኒት ቤቱ፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቱ በወፍራምና ጫፉ በተድበለበለ ፊደል ስሙን ያውጃል። ይህ መልክ ግን ከብራና የወረስነው አይደለም።

የቁም ጽሕፈት የመቃ ብዕር ልጅ ነው፤ ቋሚው መስመር ይወፍራል፣ አግዳሚው ይቀጥናል። ጸሐፊው አንድን ቃል ከሌላው ለይቶ ሊያከብር ሲሻ ፊደሉን አያወፍርም፤ የፈጣሪንና የእመቤታችንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ሲያሳትም፣ ፊደላችን ከብዕር ወደ ብረት ተሻገረ። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ደግሞ የታተመውን ገጽ ለከተሜው አንባቢ አለመደው።

የላቲን ጽሑፍ ሊጮኽ ሲፈልግ ትልልቁን ፊደል ይጠራል። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ብሎ ስለማይለይ፣ ለመጮኽ ያለው መንገድ መጠንና ውፍረት ነው። ይህን መንገድ መንግሥታትም ነጋዴዎችም ዐወቁበት። በ1966 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ ትቅደም» የዘመኑ መፈክር ሆነ፤ ከዚያም በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ብዙ ገበሬ ፊደል ቆጠረ። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ደማቁን ርእስ ለግል ጋዜጦችም አደረሰ፤ በ1998 ዓ.ም. ግን ብዙዎቹ ከገበያ ጠፉ። የመንግሥት ሰሌዳ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

ውፍረት ዋጋ ያስከፍላል። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት በቀኝ እግራቸው ግርጌ ነው፤ የሳልሱ አጭር ጭረት ናት፣ የኃምሱ ትንሽ ቀለበት። ፊደሉ ከልክ በላይ ሲወፍር የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ከሩቅ ለሚያነብ ሰው ሳልሱና ኃምሱ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ጠንቃቃ የፊደል ቀራጭ መስመሩን ባወፈረ ቁጥር ቀዳዳውን ያሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ ቅርጽ የሚነድፉ ባለሙያዎች በዝተዋል፤ በይገዙ ብስራት ስም የተሰየሙትን «ጎቲክ» እና «ጎፈር» ለአብነት መጥቀስ ይቻላል። ታፔላ የሚያሠራው ሁሉ ግን ይህን ጥንቃቄ አይጠይቅም።

እንግዲህ ወፍራሙ ፊደል በራሱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የጤና ጣቢያ ስም ከሩቅ መነበብ አለበት፤ ዓይኑ ለደከመ ሽማግሌም፣ ዘግይቶ ፊደል ለቆጠረ ሰውም ይጠቅማል። ጥያቄዬ ሌላ ነው። በፍርድ ቤቱ ደጃፍ፣ ከዚያው ግዙፍ ታፔላ ሥር፣ ራፖር ጸሐፊው ተቀምጦ የባላገሩን አቤቱታ በስክሪብቶ ይጽፋል። ከላይ ያለውን ጽሑፍ ማንም ሳይፈልገው ያነበዋል። ከታች ያለው ቀጭን ጽሑፍ ግን አንባቢ ይሻል፤ የአንድ ሰው መሬት፣ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የአንድ አገር ፍትሕ መመዘን ያለበት ቀጭኑን ጽሑፍ ጎንበስ ብሎ በሚያነብ ባለሥልጣን ብዛት ይመስለኛል።