ባቡር ያየ ማን ነው?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ሐምሌ ሲገባ ደብረ ታቦር ላይ ደጅ አይቆይም፤ የጉና ተራራ ጭጋጉን ለብሶ ሲጠግብ የተረፈውን ለእኛ ይልካል፣ ዝናቡም ከቆርቆሮው ላይ አይወርድም፤ ስለዚህ እሳቱ ዳር ሆነን እናውጋ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። መምህራችን ጠመኔውን አነሣና ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ሣጥን ሣለ፣ ከኋላው ሌላ ሣጥን ቀጠለ፣ ከሥራቸው ክብ ክቡን ደረደረና ዞር ብሎ «ባቡር ያየ ማን ነው?» አለን። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። መምህሩ የሩቅ አገር ሰው ነበርና ግራ ገባው፤ ከፊት የተቀመጠውን ልጅ አስነሥቶ የት እንዳየው ቢጠይቀው፣ «ከገበያው በታች፣ የኔታ፤ ትናንት እናቴ ጤፍ አስይዛ ልካኝ» አለው።

ይኼኔ የሳቃችሁ ጎንደሬዎች ናችሁ። ሌሎቻችሁ እንድትስቁ ልንገራችሁ፤ በእኛ አገር ባቡር ማለት ወፍጮ ነው። እናት ልጇን «ባቡር ሂድ» ካለችው አህያዋ ተጭናለች፣ ልጁም ዱቄት ለብሶ ነጭ ሽማግሌ መስሎ ይመለሳል ማለት ነው። ቃሉ ከእንፋሎት ጋር ከባሕር ማዶ መጣ፤ መጥቶም መርከቡን ባቡር አሰኘ፣ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር አሰኘ፣ ገጠር ሲደርስ ደግሞ ቱክ ቱክ የሚለውን ወፍጮ አገኘና እዚያው ቀረ። ያኛውን ለመለየት የፈለገ ሰው «የምድር ባቡር» ይላል።

ማታ ቤት ገብቼ ይህንን ለአያቴ ብነግረው አልሳቀም። ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገና፣ «ደብረ ታቦር የምድር ባቡር አልመጣባትም ይበሉ፤ ከደብረ ታቦር ግን ወጥቷል» አለኝ። ከዚያ በኋላ የነገረኝን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ጋፋትን ታውቋታላችሁ፤ ከከተማችን የእግር መንገድ ናት። አፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያን የሆኑ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን እዚያ አስቀመጧቸው፤ ከእነሱ አንዱ ዋልድማየር ነው፣ ኋላ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው። ንጉሡም መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። እነዚያ ሰዎች ወንጌል ሊያስተምሩ መጡ እንጂ ብረት ሊያቀልጡ አልመጡም ነበር፤ ሆኖም ምድጃ ሠሩ፣ ቀለጠባቸው፣ ፈረሰባቸው፣ እንደገና ሠሩ፤ በመጨረሻም 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። ከዚያ ሠረገላ ላይ ተጫነ።

መድፍ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ገደል ለገደል መውሰዱ ግን ሌላ ነው። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያልቅ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ፤ መንገድ ስላልነበረ መንገዱ ከፊት እየተሠራ፣ መድፉ ከኋላ በመቶ በሚቆጠር ሰው እየተጎተተ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እየተሸከሙ፣ በጋይንት አለፉ፣ ዘቢጥን ወጡ፣ ጅዳን ወረዱ፣ ደላንታን ተሻገሩ፣ በሽሎ ገቡ፤ ስድስት ወር ፈጀ። ዛሬ አውቶቡስ በአንድ ቀን የሚያልፈው አገር ነው።

የአያቴ አባት ያኔ እረኛ ልጅ ነበር አሉ። ጠፍር የሚስቡት ጎበዞች ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ድንጋይ ታቅፈው ይከተላሉ፤ ጎታቹ ትንፋሽ ሊወስድ ጋብ ሲል ልጁ ፈጥኖ ድንጋዩን ከመንኰራኵሩ ሥር ይሸጉጣል፤ ካልሸጎጠ ያ ሁሉ ብረት ወደ ኋላ ይመለሳል። «አባቴ እስኪሞት ድረስ ጣቱ አልተቃናም» ይለኝ ነበር አያቴ፣ የራሱን ትንሽ ጣት እያጠፈ።

አሁን ልብ በሉ። በነዚያው ወራት፣ ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ፣ ንጉሡን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ከሕንድ በመርከብ ያመጣውን ሐዲድ ያነጥፍ ነበር። ሐዲዱ ያገለገለ፣ ሎኮሞቲቩም ያገለገለ፤ ስፋቱ የሕንዱ፣ 1 ሜትር ከ67 ሴንቲ ሜትር ግድም፤ ከወደቡ ወደ ኩማይሌ 18 ኪሎ ሜትር ያህል። የጅቡቲው ሐዲድ ሊጀመር ገና 30 ዓመት ያህል ሲቀረው ማለት ነው። ከሐዲዱ ጫፍ ወዲህ ያለውን ደግሞ ግመልና በቅሎ፣ የጦሩን ከባድ መድፎችም 44 ዝሆኖች ተሸከሙት። አያችሁልኝ? በአንድ ወገን እንፋሎትና ዝሆን፣ በሌላው ወገን ጠፍርና ድንጋይ የታቀፈ ልጅ፤ ሁለቱም ወደ አንድ አምባ።

የሆነውን ታውቃላችሁ፤ እኔ አልዘረዝረውም። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ በገዛ እጃቸው አለፉ። የመቅደላን በር ቀድመው ከዘለሉት የእንግሊዝ ወታደሮች ማግነርና በርጊን የሚባሉት ሁለቱ አየርላንዳውያን ነበሩ፤ የንግሥታቸውን ትልቁን የጀግና ሜዳይ ያገኙትም እነሱ ናቸው። ጦሩ ሲመለስ ሐዲዱን ነቅሎ፣ ጠቅልሎ፣ መርከብ ላይ ጫነው። ሴባስቶፖል ግን ማን ያንሣው? እዚያው መቅደላ ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬም አለ።

እኔ የምድር ባቡር ለማየት 1986ን ጠበቅሁ። ጥር ላይ ነው፤ ከደብረ ታቦር ከንጋቱ 12 ሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ውርጩ መስኮቱን አድበስብሶት ነበር፣ ወረታ ስንወርድ ሞቀን፣ ደብረ ማርቆስ አደርን፣ በማግስቱ ዓባይን ወርደን ወጣንና ማታ አዲስ አበባ ገባን። ሲነጋ መንገድ ጠየቅሁ፤ አንድ ሊስትሮ በብሩሹ ቁልቁል አመለከተኝ። ቴዎድሮስ አደባባይ ደረስኩና ቀና ብል ምን ልይ? ሴባስቶፖል፤ አምሳያው፤ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ። ኮፍያዬን አወለቅሁለት። ከዚያ የቸርችል ጎዳናን ቁልቁለት ተከትዬ ወረድኩ፣ ወረድኩ፣ መንገዱ ሲያልቅ የለገሃር ባቡር ጣቢያ ቆሟል። ከመድፉ እስከ ባቡሩ ያለው ያቺ ቁልቁለት ብቻ ናት! ማን አስቦ እንዳደረገው አላውቅም፤ አስቦ ያደረገው አይመስለኝም።

ጣቢያው በ1922 የተመረቀ ነው፤ ከፊቱ የይሁዳ አንበሳ አለ። በ1928 ሚያዝያ አፄ ኃይለ ሥላሴ ለስደት የተነሡት በዚህ ሐዲድ ነው። እኔ ግን ያን ዕለት ታሪክ አልታየኝም፤ ጎንበስ ብዬ የሐዲዱን ስፋት በጫማዬ ለካሁ። አንድ ሜትር፤ ልክ አንድ ሜትር። ትስቁ ይሆናል፤ የባቡር ፍቅር የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስፋት ነው።  

ወደ ጉዞዬ ልመለስ። የድሬዳዋውን ባቡር ተሳፈርኩ፤ የእንጨት ወንበር ነው፣ ፉርጎው በሰውና በማዳበሪያ ጆንያ ሞልቷል፣ ፊሽካው ተነፋ፣ እኔም ሳላስበው አማተብኩ። አቃቂ፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት እያለ ሄደ፤ ጣቢያ በደረሰ ቁጥር ሴቶች ሎሚና ቆሎ ወደ መስኮቱ ያነሣሉ። መተሐራ ላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መጣ፣ የበሰቃ ሐይቅም ሐዲዱ ጥግ ድረስ መጥቶ እንደ ጥጃ ይልሰዋል። አዋሽ ድልድይ ላይ ስንደርስ ፉርጎው ጸጥ አለ፤ ድምፁ ከሥራችን ባዶ ሆነ፣ ወንዙ ከታች ክር አከለ፣ አጠገቤ የተቀመጡት እናት እጄን ያዙኝ፤ ከተሻገርን በኋላም አልለቀቁኝም።

ድሬዳዋ ስገባ አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ አገኘሁ፤ ሰላምታቸው «ቦንዡር» ነው፣ ቀሪው አማርኛና ሶማሊኛ። ጋራዡን አስጎበኙኝ፤ ዘይት የጠገበ መሬት፣ ቀበቶ የሚያሽከረክረው ቶርኖ፣ ሊቶሪና የምትባለው ባቡርም ቆማ። ታሪኩንም እዚያው ቆመው ነገሩኝ፤ አፄ ምኒልክ በ1886 ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፣ ሥራው በ1890 ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1895 እዚህ ደረሰ፣ ከዚያ ገንዘብ አለቀና ቆመ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር። «ሐረር ለምን አልገባም?» ብላቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሳቁ። «ተራራዋን ማን ያስወጣዋል? ባቡር ሰነፍ ነው ልጄ፤ ዳገት አይወድም። ለዚህ ነው ድሬዳዋ የተወለደችው።»

ያ አሮጌ ባቡር ኋላ ከአዲስ አበባ መነሣቱን ተወ፤ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ተተካ፣ ስፋቱም 1 ሜትር ከ43 ተኩል ሆነ። ለእኛም ወገን ካርታ ላይ ከወረታ ወደ ወልድያ መስመር ተሥሎ ነበር፤ አዩኝ አላዩኝ የሚል ቀጭን መስመር። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ወልድያ የሚመጣው ሐዲድ ተነጥፎ ሳያበቃ ጦርነት መጣ። እኛ ቻይናዎች የሠሩትን መንገድ ይዘን በአውቶቡስ እንሄዳለን።

ባለፈው ሳምንት ነው። ዝናቡ ጋብ አለና የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ጋፋት ወጣሁ። ልጁ የስምንት ዓመት ነው፤ ከሁለት ቀን በፊት የሳርዲን ቆርቆሮዎቹን ሰብስቦ፣ የቢራ ቆርኪ በምስማር በስቶ፣ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ አስገብቶ መንኰራኵር አድርጎለት፣ አራቱን በክር ቀጣጥሎ የምድር ባቡር ሠርቷል። ፊተኛው ላይ የባትሪ ድንጋይ አቁሞበታል፤ ጢስ ማውጫው ነው። መጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ጥቂት ጤፍ አለ።

«ጤፉ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ባቡር አይደል?» አለኝ።

ዳገቱን ጀመርን። ጭቃው ቆርኪውን እየያዘበት፣ ክሩ እየተወጠረ፣ እሱ ወደ ኋላ እየሄደ በሁለት እጁ ይስባል። «አያ፣ ጉናን ይወጣል?» አለኝ። የድሬዳዋው ሽማግሌ ትዝ አሉኝ፤ ግን ዝም አልኩ። መሐል ላይ ደከመው፤ ቆመ፣ ክሩን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መሬቱን ዳሰሰ፣ ትንሽ ጠጠር አገኘና ከኋለኛው ቆርኪ ሥር ሸጎጠ። ማንም አላሳየውም። ከዚያ ተቀምጦ እጁን በቁምጣው ጠረገ፤ እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ከታች ከከተማው የወፍጮው ድምፅ ቱክ ቱክ እያለ ይመጣ ነበር።