የዱስ ደብዳቤ የት ይቀመጥ?

በአገራችን የታሪክ ጥናት ደብዳቤ እንደ ዋነኛ የመረጃ ምንጭ መቆጠር ከጀመረ ሰንብቷል። ስቬን ሩበንሰን ከባልደረቦቻቸው ጋር አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2000 በሦስት ቅጽ ያወጡት «አክታ ኤቲዮፒካ» ለዚህ አንዱ ምስክር ነው። ይሁንና በእነዚህ ቅጾች በአብዛኛው የሚናገሩት ነገሥታት፣ መሳፍንትና የውጭ መንግሥታት ወኪሎች ናቸው። ገበሬው፣ ከብት አርቢው ወይም ወታደሩ ለቤተሰቡ የላከው ወረቀት ግን ከሣጥን አልወጣም።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው እንደ ዱስ ባለ ስፍራ ነው። ዱስ በኦሞ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኝ የካራ ሕዝብ መንደር ነው። ስለ አካባቢው የዕለት ማስታወሻ አልተጻፈም ማለት አይቻልም። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች እ.ኤ.አ. በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር እስከ ሩዶልፍ (የዛሬው ቱርካና) ሐይቅ ሲዘምት ውሎውን መዝግቧል። ኢቮ ስትሬከርና ጂን ሊዳል ስለ ካራ ጎረቤቶች፣ ስለ ሐመሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ካሳተሟቸው ሦስት ቅጾችም የመጀመሪያው የመስክ ሥራ ማስታወሻቸው ነው። ሁለቱ ሥራዎች በዓላማ ቢራራቁም ብዕሩ በእንግዳ እጅ በመሆኑ ይገናኛሉ። እርግጥ፣ በስትሬከርና በሊዳል ሁለተኛ ቅጽ ሐመሩ ባልዳምቤ የአገሩን ሥርዓት በራሱ አንደበት ያስረዳል። ይህም ለቤተ መዛግብት ትልቅ ትምህርት ነው፤ መጻፍ የማይችል ሰው የሚያቆየው ነገር የለውም ማለት አይደለምና።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር ካራኛ ከእነዚያ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ እንዲህ ካለ መንደር የሚወጣ ደብዳቤ በአማርኛ ሲጻፍ፣ ቃሉ ከአንደበት ወደ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ከቋንቋ ወደ ቋንቋም ይሻገራል። «ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ» የሚለው መግቢያ የላኪው ነው ወይስ የጸሐፊው? ተቀባዩስ ማንበብ የማይችል ከሆነ አንባቢው ምን ጨመረ፣ ምንስ ዘለለ? እነዚህ ጥያቄዎች የታሪክ ብቻ ሳይሆኑ የሥነ ጽሑፍም ናቸው።

መልሱ የሚገኘው ደግሞ ወረቀቱን ከሚያውቁት ሰዎች አጠገብ ነው። አዲስ አበባ የሚገባ ደብዳቤ ከምስጥና ከእርጥበት ይድን ይሆናል፤ የተጠቀሰችው ላም የጥሎሽ ትሁን የካሳ የሚያስረዳው ሽማግሌ ግን አብሮት አይሄድም። ስለዚህ መዝገቡ በአካባቢው፣ ለምሳሌ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም በተቋቋመባት በጂንካ፣ ቢደራጅ ይመረጣል። ወረቀቱ ሲመዘገብ የባለቤቱ ማብራሪያ በድምፅ ይቀዳ፤ ዋናውን መስጠት የማይወድ ቤተሰብም ቅጂ አስነሥቶ ወረቀቱን ይዞ ይመለስ።

እዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። የቤተሰብ ደብዳቤ የዕዳ፣ የጋብቻ ጠብና የደም ነገር ይይዛል፤ በትንሽ መንደር ደግሞ ስም መደበቅ ብቻውን ገመና አይሸፍንም። እንግዲህ ምን ይከፈት፣ ምንስ እስከ መቼ ይዘጋ የሚለውን መወሰን ያለበት ተመራማሪው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ይህ መብት ካልተጠበቀ መሰብሰቡ ራሱ ሌላ ዘረፋ ይሆናል። ከተጠበቀ ግን የነገው ተማሪ የዱስን ታሪክ ከአላፊ አግዳሚ ማስታወሻ ብቻ ለመቅዳት አይገደድም።