በረሃው ነጭ የሚለብስበት ማለዳ፦ የጀበል አል-ለውዝ አመዳይና ጠባቂዎቹ

የብርዱ ወቅት በገባ ቁጥር በሳዑዲ ዓረቢያ ሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የተቡክ ክልል የብዙ ሰዎች ዓይን ወደ አንድ ተራራ ይዞራል፡፡ ተራራው ጀበል አል-ለውዝ ይባላል፡፡ የአየር ትንበያው ከሰሜን ቀዝቃዛ አየር እንደሚመጣ ሲያመለክት ወጣቶች የተሽከርካሪያቸውን ጎማ ይፈትሻሉ፤ ቤተሰቦች ወፍራም ልብስና የሻይ ማንቆርቆሪያ ያዘጋጃሉ፤ የአየር ጠባይ ወዳጆችም ሌሊቱን የሳተላይት ምስል ሲመለከቱ ያድራሉ፡፡ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ ዘንድሮ ተራራው ነጭ ይለብስ ይሆን?

በዓረቢያ ምድር ለሚኖሩና ለሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ይህ ጉጉት መጀመሪያ እንግዳ ሊመስል ይችላል፡፡ ብዙዎች ወደ አካባቢው ሲመጡ የሰሙት ስለ ሙቀቱ ነውና፡፡ ይሁን እንጂ የዓረቢያ ልሳነ ምድር ሰሜናዊ ክፍል ብርዱ የጠና፣ በአንዳንድ ዓመትም አመዳይ የሚወርድበት አገር ነው፡፡

ተራራውና ስሙ

ጀበል አል-ለውዝ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ከዮርዳኖስ ድንበርና ከአቃባ ባሕረ ሰላጤ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል፡፡ ስሙ በዓረብኛ «የለውዝ ተራራ» ማለት ነው፡፡ እዚህ ላይ አንድ የቃል ልዩነት ልብ ማለት ያሻል፡፡ በአማርኛ «ለውዝ» ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣው፣ ተቆልቶ የሚበላው ፍሬ ነው፡፡ በዓረብኛ ግን ቃሉ በዛፍ ላይ የሚያፈራውን የአልሞንድ ፍሬ ያመለክታል፤ ተራራው ስሙን ያገኘውም በተዳፋቶቹ ላይ ከሚበቅሉት ከእነዚህ ዛፎች ነው፡፡

በተራራው አካባቢ ያሉት ዐልቃንና አዝ-ዘህር የተባሉት ስፍራዎች አመዳይ ለማየት ከሚጓዙት ሰዎች ዋነኛ መድረሻዎች ናቸው፡፡ ከተቡክ በስተሰሜን ምሥራቅ ርቀው የሚገኙት ጡረይፍ፣ አል-ቁረያትና ዓርዓር የተባሉት ከተሞችም በአገሪቱ እጅግ ብርዳማ ከሚባሉት መካከል ሲሆኑ፣ በብርዱ ወቅት የሙቀት መጠናቸው ከዜሮ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ፡፡

አመዳይ፣ በረዶ እና ውርጭ

በዕለት ተዕለት አማርኛ «በረዶ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል፡፡ ከነጎድጓድ ጋር እየተንደቀደቀ ጣሪያ የሚደበድበው ጠጣር እንክብልም፣ ከማቀዝቀዣ የሚወጣው የረጋ ውኃም፣ በፊልም የሚታየው ነጭ ብናኝም በረዶ ይባላል፡፡ የዓረብኛ ተናጋሪዎች ግን ይለያሉ፡፡ «በረድ» የሚሉት ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደውን እንክብል ነው፤ ቃሉ ከአማርኛው «በረዶ» ጋር የሥር ዝምድና አለው፡፡ «ሠልጅ» የሚሉት ደግሞ ቀስ ብሎ እንደ ባዘቶ የሚወርደውን ነጭ ነገር ነው፡፡ ለዚህኛው በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የምናገኘው «አመዳይ» የሚለው ጥንታዊ ቃል ተስማሚ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በዚሁ ትርጉም ያገለግላል፡፡ ሦስተኛው ውርጭ ነው፡፡ ውርጭ ከደመና አይወርድም፤ ጥርት ባለ ሌሊት በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት በቀዘቀዘ ሣር፣ ድንጋይና የመኪና መስታወት ላይ ሲረጋ የሚፈጠር ነው፡፡

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም፡፡ በደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በአብሃ ከተማና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በጣኢፍ ደጋ መሬቱ በድንገት ነጭ ሆኖ የሚታይባቸው ቀናት አሉ፡፡ በእነዚህ ስፍራዎች ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከነጎድጓድ ጋር የሚመጣ በረዶ እንጂ አመዳይ አይደለም፡፡ በረዶ በሞቃት ቀን እንኳ ሊወርድ ይችላል፤ አመዳይ ግን ከደመናው እስከ መሬት ድረስ አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቀው ይፈልጋል፡፡

ብርድ ብቻውን ለምን አይበቃም

የአመዳይ ጠባቂዎች ከልምድ የተማሩት የመጀመሪያው ትምህርት እጅግ ብርዳማ የሆነው ቀን አመዳይ የሚወርድበት ቀን ላይሆን እንደሚችል ነው፡፡ ምክንያቱ ብርዱ ከየት እንደመጣ በማየት ይታወቃል፡፡

በብርዱ ወቅት በሳይቤሪያ ላይ የሚከማቸው ከባድና ቀዝቃዛ አየር አንዳንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተስፋፍቶ እስከ ዓረቢያ ይደርሳል፡፡ ይህ አየር ደረቅ ነው፡፡ ሲነፍስ ሰማዩ ይጠራል፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ማለዳ ላይ ውርጭ ይታያል፤ ደመና ግን የለም፡፡ ደመና ከሌለ የሚወርድ ነገር አይኖርም፡፡ በአንጻሩ ከቀይ ባሕር በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ደመናና ዝናብ ያመጣል፤ ነገር ግን ሞቃት ስለሆነ በተራራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ይሆናል፡፡

አመዳይ የሚወርደው ሁለቱ ሲገናኙ ነው፡፡ በምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ፣ ብዙ ጊዜም በቆጵሮስ አካባቢ፣ ዝቅተኛ የአየር ግፊት ይፈጠራል፡፡ በዚያው ጊዜ ከምሥራቅ አውሮፓ በኩል ቀዝቃዛ አየር በከፍታ ላይ ወደ ደቡብ ይወርዳል፡፡ ዝቅተኛው ግፊት እርጥበቱን ከባሕር እየሳበ በዮርዳኖስ በኩል ወደ ተቡክ ሲገፋ ተራራው አየሩን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ አየሩም ወደ ላይ በወጣ መጠን ይቀዘቅዛል፡፡ ጠባቂዎቹ ቀን የሚቆጥሩት ለዚህ ግጥምጥሞሽ ነው፡፡

የከፍታን ድርሻ በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል፡፡ የአየር ሙቀት በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል፡፡ የተቡክ ከተማ ከ750 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ከተራራው ጫፍ ጋር ያላት ልዩነት ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል፡፡ ስለዚህ በከተማዋ 10 ዲግሪ በሚሆንበት ሰዓት በጫፉ ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል፡፡ ከተማው ውስጥ ዝናብ ብቻ በሚወርድበት ሰዓት ተራራው ነጭ ሊለብስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

የአየሩ ድርቀትም የራሱ ሚና አለው፡፡ የሚወርደው ነገር በደረቅ አየር ውስጥ ሲያልፍ በከፊል ይተንናል፤ መትነኑም አየሩን የበለጠ ያቀዘቅዘዋል፡፡ ስለሆነም የሙቀት መለኪያው ከዜሮ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ በላይ ሲያሳይም አመዳይ ሳይቀልጥ መሬት ሊደርስ ይችላል፡፡ ትንበያው በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚሳሳተውና ጠባቂዎቹ ተስፋቸውን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት የማይቆርጡትም ስለዚሁ ነው፡፡

የጥንቱ የወቅት ቆጠራ

የአየር ትንበያ መሣሪያ ከመፈልሰፉ በፊት የዓረቢያ ሰዎች ወቅቶችን በከዋክብት መውጣት ይቆጥሩ ነበር፤ ቆጠራው ዛሬም በሰዉ አንደበት ይገኛል፡፡ የበጋው ሙቀት መብረድ የሚታወቀው በኦገስት ወር መጨረሻ «ሱሀይል» የተባለው ኮከብ ሲታይ ነው፡፡ ከዲሴምበር መጀመሪያ ሳምንት በኋላ «መርበዓኒያ» የሚባሉት አርባ ያህል ቀናት ይገባሉ፡፡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ መርበዓኒያ ከኅዳር ማብቂያ ጀምሮ የገናን በዓል አልፎ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ያበቃል፡፡ ከዚያ በኋላ «ሸብጥ» የሚባሉት 26 ቀናት ይከተላሉ፤ ነፋስ የበዛባቸውና ብርዳቸው የሚያንገበግብ ናቸው ይባላል፡፡ ቀጥሎ «ዐቃሪብ» ማለትም «ጊንጦች» ይመጣሉ፤ ብርዱ እየለዘበ ቢሄድም በድንገት ተመልሶ ስለሚናደፍ የተሰጠ ስም ነው፡፡

እዚህም ላይ የአነጋገር ልዩነት አለ፡፡ የዓረቢያው «ሺታእ» ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ያለው የብርድ ጊዜ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ይኸው ጊዜ በጋ ነው፤ ክረምት የሚባለው ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ያለው የዝናብ ወራት ነው፡፡ አዲስ የመጣ ሠራተኛ «ሺታእ»ን በክረምት ተርጉሞ ሐምሌን ቢያስብ በልብስ ዝግጅቱ ይሳሳታል፡፡ ሆኖም ከደጋ አገር ለመጣ ሰው የታኅሣሥ ውርጭ እንግዳ አይደለም፡፡ በኢትዮጵያ የአየር ንብረት አከፋፈል ከደጋም በላይ ያለው ከፍታ ራሱ «ውርጭ» ይባላል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ በሚሆነው በራስ ዳሸን ጫፍ ላይም ነጭ ነገር የሚታይበት ጊዜ አለ፡፡

ነጭ ሆነው የታዩ ዓመታት

በዲሴምበር 2013 «አሌክሳ» የሚል ስም የተሰጠው ማዕበል በምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን አገሮች ብዙ አመዳይ አወረደ፡፡ በዮርዳኖስ የአማን መንገዶች ተዘጉ፤ በሊባኖስና በዮርዳኖስ በድንኳን የነበሩ የሶርያ ስደተኞች ለከባድ ብርድ ተጋለጡ፤ በተቡክ ክልልም አመዳይ ታየ፡፡ በፌብሩዋሪ 2021 እና በጃንዋሪ 2022 በሳዑዲ ዓረቢያ ግመሎች በነጭ መሬት ላይ የቆሙባቸው ምስሎች በዓለም ዙሪያ ተሰራጩ፡፡

በሌሎች አገሮች ሁኔታው ይለያያል፡፡ ከፍተኛው ጫፏ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚሆነው በሊባኖስ አመዳይ በየዓመቱ የሚጠበቅ ነው፤ የአገሪቱ ስም ራሱ «ነጭ» ከሚል ሴማዊ ሥር የመጣ እንደሆነ ይታመናል፡፡ በዩናይትድ አረብ ኤምሬትስ ግን እጅግ ብርቅ ነው፡፡ በራስ አል-ኻይማ ጀበል ጃይስ በዲሴምበር 2004 እና በጃንዋሪ 2009 የወረደው አመዳይ ዛሬም ይወሳል፡፡

ጠባቂዎቹና የተራራው ጉዞ

የአየር ጠባይ ወዳጆቹ ልዩ ልዩ የኮምፒዩተር ትንበያዎችን እያነጻጸሩ ይከታተላሉ፡፡ ከአሥር ቀን በፊት የሚታየው ምልክት ተስፋ ብቻ ነው፤ ቀኑ ሦስት ሲቀረው ትንበያዎቹ ከተስማሙ ጉዞው ይታሰባል፡፡ ይፋዊው ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ከብሔራዊው የሜትሮሎጂ ማዕከል ሲሆን፣ የአደጋው ደረጃ በቢጫ፣ በብርቱካንማና በቀይ ቀለም ይገለጻል፡፡ በየዓመቱ የቆዩ ምስሎች እንደ አዲስ ስለሚሰራጩ ይፋዊውን መግለጫ መመልከት ከከንቱ ጉዞ ያድናል፡፡

አመዳዩ ከወረደ ተራራው የበዓል መልክ ይይዛል፡፡ እሳት ይነድዳል፤ የዓረብ ቡና ይፈላል፤ ሰዎች በሰልፍ ቆመው «ደሓ» የተባለውን የሰሜን ባህላዊ ጭፈራ ያሰማሉ፡፡ ልጆች በመጀመሪያ ጊዜ አመዳይ በእጃቸው ይይዛሉ፡፡ ፀሐይ ስትበረታ ግን ነጩ ልብስ ፈጥኖ ይሳሳል፤ አንዳንዴም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያልፋል፡፡

ከደስታው ጎን ያለው አደጋ

ብርዱ ለተመልካች ትዕይንት ቢሆንም ለእረኛ፣ ለጥበቃ ሠራተኛና በግንባታ ላይ ለሚውል ሰው ፈተና ነው፡፡ ትልቁ አደጋ ግን ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ ነው፡፡ ከሰል ወይም እንጨት በተዘጋ ክፍል ወይም ድንኳን ውስጥ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣል፡፡ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፡፡ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ የመጀመሪያ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል፡፡ ጢስ አለመታየቱ ደኅንነትን አያረጋግጥም፤ የፋመ ከሰልም ጋዙን ያወጣል፡፡

ይህ በተለይ ጠባብ ክፍል ውስጥ ለሚኖሩና ቡና በከሰል ምድጃ ለሚያፈሉ ወገኖች ሊታወስ ይገባል፡፡ ቡናው የሚፈላው በርና መስኮት ተከፍቶ መሆን አለበት፤ ምድጃው ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለማሞቂያ ተብሎ ፍም ይዞ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፡፡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ከመጋረጃና ከብርድ ልብስ መራቅ ይኖርበታል፡፡ ጋዙ ያዞረው ሰው ከተገኘ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል፡፡ በሳዑዲ ዓረቢያ የሲቪል መከላከያ ቁጥር 998፣ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ደግሞ 997 ነው፤ በሪያድ፣ በመካ፣ በመዲናና በምሥራቃዊው ክልል 911 ያገለግላል፡፡

ወደ ተራራ የሚሄዱም ሰዎች ደረቅ የሚቀየር ልብስ፣ ምግብና በቂ ነዳጅ ይዘው፣ የሚሄዱበትን ለሰው ነግረው ሊነሡ ይገባል፡፡ እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ከደረቅ ብርድ ይልቅ ፈጥኖ ይነጥቃል፡፡ አመዳይ የሚያመጣው ማዕበል በቆላው ዝናብ ስለሚያወርድ ደረቅ የነበረው ሸለቆ በደቂቃዎች ውስጥ በጎርፍ ሊሞላ ይችላል፤ የሚፈስ ውኃ ያለበትን ሸለቆ በመኪና ለማቋረጥ መሞከር ብዙ ሕይወት አሳጥቷል፡፡

ነጩ ማለዳ የሚመጣው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በአንዳንድ ዓመትም ጠባቂዎቹ በውርጭ ብቻ ረክተው ይመለሳሉ፡፡ ሰማዩ ጠርቶ ያለ አመዳይ ባለፈው ሌሊትም ቢሆን ብርዱ ያው ብርድ ነው፤ ጥንቃቄውም አመዳዩ ቢወርድም ባይወርድም አይለወጥም፡፡