ዕቃው የት ይታሰር?

ስለ ጠፈር ጉዞ ሐኪም ስትጽፍ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ጓደኞቼ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ነገሩ ግን ከሥራችን ሩቅ አይደለም፤ ጠባብ ክፍል አለበት፣ ኦክስጅን አለበት፣ በቅጡ ያልታሰረ ዕቃም አለበት።

መጋቢት 14 ቀን 1957 ዓ.ም. ገስ ግሪሶምና ጆን ያንግ በጀሚኒ 3 ምድርን ዞሩ። ያንግ ደብቆ ያስገባውን ሳንድዊች አውጥቶ ለአለቃው ሰጠው። ግሪሶም ቀመስ ሲያደርገው ፍርፋሪው መንሳፈፍ ጀመረ፤ ቶሎ ብሎ ኪሱ ከተተው። ሲወራ ቀልድ ይመስላል። ክብደት በማይሰማበት ቦታ ግን ፍርፋሪ ወለል ላይ አያርፍም፤ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ሽቦ መሃል ይሸጎጣል። እስክሪብቶውም ካሜራውም ያው ነው።

አንዱ መፍትሔ ቬልክሮ ሆነ። ስዊሳዊው ጆርጅ ደ ሜስትራል ውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀ ፍሬ በማይክሮስኮፕ አይቶ የፈለሰፈው ነው። (የእኛ ጭጎጎት ስንት ዘመን ጋቢያችን ላይ ሲጣበቅ ማን ልብ አለው!) የአፖሎ ክፍል በቬልክሮ ተሞላ፤ የወደቀ ዕቃ መሣሪያ መሃል እንዳይገባም የናይሎን መረብ ተዘረጋ።

ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. ፍሎሪዳ ውስጥ፣ መንኮራኩሩ ገና መሬት ላይ እያለ በልምምድ መሃል እሳት ተነሳ። ክፍሉ ከውጭው አየር በበለጠ ግፊት በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር። መነሻው የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሳይሆን አይቀርም ተባለ፤ እሳቱን ካዛመቱት ውስጥ ግን ለጥንቃቄ የገቡት መረብና ቬልክሮ ይገኙበታል። በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ስለነበር ግሪሶም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ መውጣት አልቻሉም። የሞታቸው ምክንያት ከቃጠሎው ይልቅ የተነፈሱት መርዛማ ጭስ ነው። ፍርፋሪውን ኪሱ የከተተው ያው ግሪሶም ነበር።

ከዚያ በኋላ በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ተደረገ፣ ናይሎኑ ከመስታወት ክር በተሠራ ጨርቅ ተተካ፣ ቬልክሮውም ተቀነሰ። መሬት ላይ ክፍሉን የሚሞላው አየር 60 በመቶ ኦክስጅን፣ 40 በመቶ ናይትሮጅን ሆነ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን የመጨረሻውን ነው፤ ማሰሪያ ከመምረጥ በፊት አየሩን ማየት።

እሳቱ ቢታሰብበትም ዕቃው መላቀቁን አልተወም። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ በአምቡላንስ የወረደ ያውቀዋል፤ ያልታሰረ የኦክስጅን ሲሊንደር በየመታጠፊያው ከበሽተኛው በላይ ያሳስባል። ኅዳር 15 ቀን 1962 ዓ.ም. አፖሎ 12 ፓስፊክ ላይ በኃይል ሲያርፍ አንድ የፊልም ካሜራ ከመያዣው ተላቀቀና ጨረቃ ላይ ተራምዶ የመጣውን አለን ቢንን ግንባሩ ላይ መታው። ለአፍታ ራሱን ሳተ፤ ቁስሉም 6 ቦታ ተሰፋ። እኔ ብሆን ከስፌቱ ይልቅ ራሱን ስቶ የቆየባትን ጊዜ ነበር የምጠይቀው።